«የመቶ ሰው ስም ይዘሽ ነይ» ብለውኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በደንበኞች ግንኙነት ሥራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደመወዜ ለእናቴ መድኃኒት፣ ለታናሽ ወንድሜ ትምህርትና ለቤት ብድሬ ይበቃል፤ ከዚያ የሚተርፍ ነገር ግን የለም።

ከሁለት ወር በፊት ዱባይ ካለ የፋይናንስ አማካሪ ድርጅት አንድ ሰው በሊንክድኢን ጻፈልኝ። በቪዲዮ ሁለት ጊዜ አነጋገሩኝና ወዲያው ውል ላኩልኝ። የሥራ መደቡ «የሀብት አስተዳደር አማካሪ» ይላል። በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኙ ሠራተኞች እንዳሏቸውም ነግረውኛል። ውሉን ሳነበው ግን ቋሚ ደመወዝ የለውም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 7,000 ድርሃም ይሰጡኛል፤ ከሥሩ «ከኮሚሽን ላይ የሚታሰብ» ተብሎ ተጽፏል። ቲኬቱ በራሴ ነው። የቪዛውን 6,500 ድርሃም እነሱ ይከፍሉና በኋላ ከእኔ ይቀንሳሉ።

በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ «ስንት ሐበሻ ታውቂያለሽ? ስትመጪ የመቶ ሰው ስምና ስልክ ይዘሽ ነይ፣ ከእነሱ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። ሻርጃ የአክስቴ ልጅ አለችኝ፤ በሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዝርዝሩን ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣልኝ የእሷ ስም ነበር። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

እናቴ «ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ» ብላ ዝም ብላለች። ጓደኞቼ «ይህን ዕድል ያገኘ ሰው ያስባል እንዴ?» ይሉኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል። የሚያሳፍረኝ ደግሞ መሄዱን በጣም መፈለጌ ነው። ሰው ገንዘቡን እንዴት እንደሚይዝ ማማከር እወዳለሁ፤ ቅርንጫፍ ውስጥ ግን ለዚያ ጊዜም ቦታም የለም። ምን ይመክሩኛል?

ሕ. ከአዲስ አበባ

የኔ እህት ሕ.፣

ከማፈርሽ ልጀምር። ስምንት ዓመት የሰው ገንዘብ ቆጥረሽ፣ ቤተሰብ አስተዳድረሽ፣ ለራስሽ ምንም ሳይተርፍሽ ሲቀር ሌላ ነገር መመኘትሽ የሚያሳፍር አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ 100 ሺህ ዶላሩ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፤ ስለ መቶው ስም የጻፍሽው ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ። እስክሪብቶውን ያስቀመጥሽበትን ምክንያት ራስሽ ሳታውቂው የቀረሽ አይመስለኝም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። የምትፈልጊው ዱባይን ነው? የማማከር ሥራን ነው? ወይስ ከዚያ ቅርንጫፍ መውጣትን? ሦስቱ በአንድ ፖስታ ታሽገው ስለመጡልሽ አንድ ነገር መስለውሻል። ይህ ውል ግን ሁለተኛውን የሚሰጥሽ አይመስለኝም። ለምን እንደምል ቁጥር ይዤ ላሳይሽ፤ ባንክ ቤት የኖረች ሰው ከቁጥር ጋር ትግባባለች።

የተላከልሽ ነገር ሲታይ የቅጥር ውል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ንግድ ነው። ነጋዴዋ አንቺ ነሽ፣ የመነሻ ካፒታሉን የምታቀርቢውም አንቺ። «ከኮሚሽን ላይ የሚታሰብ» የተባለው 7,000 ድርሃም ደመወዝ ሳይሆን ብድር ነው። ሦስት ወር ሲሆን 21,000። የቪዛው 6,500 ሲጨመርበት 27,500 ድርሃም። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ይህ ወደ 7,500 ዶላር ገደማ ነው። አንድም ደንበኛ ሳታስፈርሚ ይህን ያህል ዕዳ ይዘሽ ትጀምሪያለሽ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የቪዛና የቅጥር ወጪ ሠራተኛው ላይ እንዳይጫን የኤምሬቶች የሥራ ሕግ በግልጽ ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. የ2021 አዋጅ ቁጥር 33 ማለቴ ነው። ገና ከመነሻው ሕግ የሚጥስ አንቀጽ የጻፈ ድርጅት ሌላውን እንዴት እንደጻፈው ማየት አለብሽ።

አሁን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት በኢንሹራንስ ኩባንያ የሚወጣ የረጅም ጊዜ የቁጠባና የኢንቨስትመንት ዕቅድ ነው። ደንበኛው ለ10፣ ለ20፣ አንዳንዴም ለ25 ዓመት በየወሩ ሊከፍል ይፈርማል። በቀድሞው አሠራር ኮሚሽኑ የሚሰላው ገና ባልተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነበር። ለስሌት ያህል ደንበኛሽ በወር 500 ዶላር ለ25 ዓመት ፈረመ እንበል፤ ድምሩ 150,000 ዶላር ነው። ኮሚሽኑን 4 በመቶ ብንወስድ 6,000 ዶላር ይሆናል፤ ድርጅቱ ግማሹን ቢያስቀር ለአንቺ 3,000 ይደርስሻል። የ100 ሺህ ዶላሩ ወሬ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ያ 3,000 ዶላር እጅሽ ቢገባም ገና ያንቺ አልሆነም። ደንበኛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ እንበል በ24 ወር ውስጥ፣ መክፈል ካቆመ ኩባንያው ኮሚሽኑን መልሶ ይወስዳል፤ በሥራው ቋንቋ «ክሎውባክ» ይሉታል። በ10ኛው ወር ሥራውን አጥቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ ከ24ቱ 14ቱ ወር ስላልተሟላ ከ3,000ው 1,750 ዶላር ከሚቀጥለው ክፍያሽ ላይ ይቆረጣል። የሚቀጥል ክፍያ ከሌለሽ ዕዳ ሆኖ ይጠብቅሻል። ዱባይ ደግሞ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት፤ የመኖሪያ ቪዛው ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። አማካሪውን ለዕዳ የሚዳርገው ብዙውን ጊዜ ሽያጭ ማጣት ሳይሆን የተሸጠው መፍረሱ ነው።

በደንበኛው በኩልም ቢሆን ከባድ ነው። በብዙዎቹ ዕቅዶች የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ወይም የሁለት ዓመት ክፍያ ተለይቶ ይቀመጥና እስከ ውሉ መጨረሻ ከፍተኛ ክፍያ ይቆረጥበታል። ደንበኛው በመሃል ልውጣ ቢል ከዚያ ክፍል የሚያገኘው በጣም ትንሽ ነው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወጣ ምንም ላያገኝ ይችላል። ያንቺ ኮሚሽን የተከፈለው ከዚያ ገንዘብ ነዋ።

እውነት ለመናገር ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የኤምሬቶች ደንብ የኮሚሽኑን መጠን ገድቧል፤ ከፊሉም በዓመታት ተከፋፍሎ እንዲከፈል አድርጓል። ደንበኛው በ30 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ የሚወጣበት መብትም አለው። ለደንበኛ መልካም ዜና ነው። ለአዲስ አማካሪ ግን የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ጠበበ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ 100 ሺህ ዶላር ሲነግሩሽ በየትኛው ዓመት የተገኘ እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም፤ ከ2020 በፊት የነበረ ገቢ ላንቺ ስሌት አይሆንም።

የጊዜውንም ነገር አስቢው። ዱባይ በደረስሽ ማግስት አትሸጪም። የመኖሪያ ቪዛ፣ የሕክምና ምርመራ፣ የኤምሬትስ መታወቂያ፣ የድርጅቱ ሥልጠናና የፈቃድ ፈተና አንድ ወር ተኩል ሊፈጁ ይችላሉ። ከዚያ ደንበኛ ፈልገሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ታገኚዋለሽ፤ ማመልከቻው ይገባል፣ ኩባንያው ማንነቱንና የገንዘቡን ምንጭ ያጣራል፣ የመጀመሪያው ክፍያ ይቆረጣል፣ ኮሚሽኑ ለድርጅትሽ ይላካል፣ ድርጅትሽ በወሩ መጨረሻ ይከፍላል። የመጀመሪያው እውነተኛ ገንዘብ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ቢመጣ ፈጥኗል። የ7,000 ድርሃሟ ብድር በሦስተኛው ወር ስለምታበቃ ገደሉ እዚያ ላይ ነው።

እስኪ በወር የሚያስፈልግሽን እንገምት። በጋራ ቤት ውስጥ ለብቻሽ ክፍል 2,500 ድርሃም እንበል፤ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ መከራየት፣ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ማታ ማታ ደንበኛ እየደወለችና ለፈተና እያጠናች ስድስት ሰው ባለበት ክፍል የምታድር አማካሪ ብዙ አትቆይም። ለምግብ 1,200። ለሁሉም ዞን የሚያገለግል የአንድ ወር የሜትሮና የአውቶቡስ ካርድ 350። ለስልክና ለኢንተርኔት 200። ለእናትሽና ለወንድምሽ 1,500። ድምሩ 5,750 ድርሃም ይሆናል። ለስድስት ወር 34,500 ድርሃም፣ ማለትም 9,400 ዶላር ገደማ። ይህ የቤት ብድርሽን አይጨምርም። ሽፋኑ በእጅሽ ከሌለ፣ በአራተኛው ወር የምትሰጪው ምክር ለደንበኛው የሚበጀው ሳይሆን የቤት ኪራይሽን የሚከፍለው ይሆናል። ይህን የምለው ባሕርይሽን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ሰው ሁሉ ኪራይ ሲደርስ ይታጠፋል።

ወደ መቶው ስም እንመለስ።

ድርጅቱ ካንቺ የሚገዛው ስምንት ዓመት የባንክ ልምድሽን ሳይሆን የስልክ ማውጫሽን ይመስለኛል። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ከአንድ አገር አንድ ሰው ይቀጠራል፣ የአገሩን ሰዎች ያመጣል፣ ስሙ ሲያልቅ እሱም ይሰናበታል። የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይፈቀዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። አንቺ ብትወጪም ያመጣሻቸው ደንበኞች የድርጅቱ ሆነው ይቀራሉ። የሐበሻው ማኅበረሰብ ግን የሚያውቀው አንቺን ነው። ዕቅዱ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢበላሽ ስልክ የሚደወለው ለእናትሽ ነው።

ከመቶው ውስጥ ይህ ዕቅድ የሚስማማው ስንቱ ነው? የአክስትሽን ልጅ እንውሰዳት። ቪዛዋ በየሁለት ዓመቱ በአሠሪዋ ፈቃድ የሚታደስ ሰው ለ25 ዓመት መፈረም አትችልም፤ ብትፈርምም አትጨርሰውም። አሠሪዋ ቢቀየር፣ እናቷ ብትታመም፣ ወደ አገር ልግባ ብትል ገንዘቧ ውስጥ ይቀራል። እሷን የሚጠቅማት በፈለገች ጊዜ የምታወጣው ቁጠባ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚላክ ገንዘብና ምናልባት አገር ቤት በስሟ የተያዘ ነገር ነው። ይህን ብትነግሪያት ጥሩ አማካሪ ትሆኛለሽ፤ ኮሚሽን ግን የለውም። እስክሪብቶውን ያስቀመጥሽው ለዚህ ይመስለኛል።

የሚያተርፉ ነጋዴዎች፣ ነርሶች፣ የአየር መንገድ ሠራተኞች፣ መሐንዲሶችም በዝርዝሩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ለእነሱ ማማከር ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥራቸው ስንት ነው? አሥራ አምስት? ሃያ? በሰባተኛው ወር ሲያልቁ የማያውቁሽ ሰዎች ጋ መደወል ትጀምሪያለሽ። እሱም እንደ በፊቱ ልቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የጀመረው ደንብ የሽያጭ ጥሪን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ገድቦታል፣ በግል ስልክ መሸጥን ከልክሏል፣ «አትደውሉልኝ» ብሎ ወደተመዘገበ ሰው መደወልም ያስቀጣል።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ይህንን አጥብቀሽ ያዢው። ዝርዝሩ ላይ የቅርንጫፍሽን ደንበኞች እንድትጨምሪ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የባንክ ደንበኛን መረጃ ይዞ መውጣት የሙያ ምስጢር መጣስ ነው። አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ ውጭ አገር ኢንቨስት እንዲያደርግ ማግባባት ደግሞ ከሱ የባሰ ነው፤ እሱንም አንቺንም ሕግ ፊት ያቆማል። «ሁሉም ያደርገዋል» ቢሉሽ እንኳ አትነኪው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሥራው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በደመወዝሽ ላይ የገቢ ግብር የለም። ከብዙ አገር የመጣ ደንበኛ ፊት መቀመጥ፣ «አይሆንም» ተብሎ በማግስቱ እንደገና መደወል፣ የሰው ልጅ ስለ ገንዘቡ የሚፈራውን ማዳመጥ በየትኛውም ትምህርት ቤት አይገኝም። ሁለትና ሦስት ዓመት የጸኑ፣ ደንበኛቸውን በኮሚሽን ሳይሆን በሚተዳደረው ገንዘብ ላይ በሚከፈል ዓመታዊ ክፍያ የሚያገለግሉ አማካሪዎች ጥሩ ኑሮ ይኖራሉ። ደመወዝና ቦነስ የሚከፍሉ ድርጅቶችም አሉ፤ በተለይ ባንኮች። ልዩነቱ አገሩ ወይም ሙያው ላይ አይደለም። ማን ይከፍልሻል፣ ለምንስ ይከፍልሻል የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ እስከ ወሩ መጨረሻ «አዎ» ወይም «አይ» ማለት የለብሽም፤ ጥያቄ መላክ ነው ያለብሽ። በኢሜይል ይሁን፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ የለም። የድርጅቱን ሙሉ ሕጋዊ ስምና የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቂ፤ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነም ይንገሩሽ። የኢንሹራንስ ደላላነት ከሆነ የኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክ፣ የኢንቨስትመንት ምክር ከሆነ የኤምሬቶች የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን (ቀድሞ የዋስትና ሰነዶችና የሸቀጦች ባለሥልጣን ይባል የነበረው)፣ በዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ውስጥ ከሆነ የማዕከሉ ተቆጣጣሪ ነው የሚሰጠው፤ የማዕከሉ ተቆጣጣሪ መዝገብ በድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ስለሆነ ስሙን አስገብተሽ ማየት ትችያለሽ። ከዚያ «ቪዛዬን የሚያወጣው ይኸው ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው ወይስ ሌላ?» በይ። አንዳንዱ ቪዛውን በአንድ የነፃ ቀጣና «የማርኬቲንግ» ድርጅት ስም ያወጣና የፋይናንስ ምርት ያሸጣል። ነገር ሲበላሽ ያለ ፈቃድ ሠራች የምትባይው አንቺ ነሽ። «በቪዚት ቪዛ ነይና እዚህ እንቀይረዋለን» ካሉሽማ ንግግሩን እዚያው ቁረጪው፤ በጎብኚ ቪዛ መሥራት ሕገወጥ ነው።

ውሉን በሚመለከት፣ በሰው ኃይል ሚኒስቴሩ የሚመዘገበውን የሥራ ውል ከመፈረምሽ በፊት ይላኩልሽ፤ የማዕከሉ ድርጅት ከሆነ የራሱ የሥራ ሕግ ስላለው የዚያን። በተመዘገበው ውል ላይ መሠረታዊ ደመወዝ መጻፍ አለበት። 1,000 ድርሃም ብቻ ከጻፉ ሥራ ስትለቂ የሚሰጥሽ የአገልግሎት ክፍያም በሱ ይሰላል፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ስለሆነ 700 ድርሃም በዓመት ይሆናል። ደመወዙን በባንክ ከፍለው በእጅ መልሰው የሚቀበሉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሽ ራቂ። ኮሚሽን መልሶ የሚወሰደው እስከ ስንት ወር ድረስ እንደሆነ፣ ሥራ ብትለቂ ዕዳው ይከተልሽ እንደሆነ፣ የ7,000ው ብድር በሙከራ ጊዜ ቢያሰናብቱሽ ይሰረዝ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱ። ለመያዣ ብለው ባዶ ቼክ ወይም የዕዳ ሰነድ ካስፈረሙሽ አትፈርሚ፤ በዚያ አገር በዕዳ የተከሰሰ ሰው ላይ ፍርድ ቤት የጉዞ እገዳ ሊጥል ይችላል። የመጨረሻው ጥያቄ ይህ ይሁን፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቀጠራችኋቸው ውስጥ ዛሬ ድረስ ያሉት ስንት ናቸው? ከነሱ ሁለቱን፣ ከለቀቁት አንዱን አነጋግሪ። የለቀቁትን በሊንክድኢን ላይ በድርጅቱ ስም ፈልገሽ ራስሽ ታገኚያቸዋለሽ፤ ድርጅቱ የሚሰጥሽን ስም ብቻ አትያዢ።

በአገር ቤት በኩልም ያልጻፍሽልኝ ነገር አለ። የቤት ብድርሽ የሠራተኛ ብድር ነው? በብዙ ባንኮች ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ ወደ መደበኛው ይቀየራል፤ ወርኃዊ ክፍያሽ በስንት እንደሚጨምር የብድር ክፍሉን ሳታሳውቂ ከብድር ውልሽ ላይ አውጥተሽ አስይው። ለባልደረባ ዋስ ፈርመሽ ከሆነ ክሊራንስ ላይ ይይዝሻል። የጡረታ መዋጮሽንም ተመልከቺ፤ ዕድሜ ሲደርስ ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ አንቺ ስምንተኛው ላይ ነሽ። ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል፣ ስለዚህ የሚያስቸኩልሽ ሕግ የለም። በባንክሽ የኅብረት ስምምነት ውስጥ ያለ ደመወዝ ረዘም ያለ ፈቃድ የሚሰጥ አንቀጽ ካለ እሱን መጀመሪያ አንብቢ።

አሁን ደግሞ ከዱባይ ውሉ ውጭ ያለውን መንገድ። የማማከር ሙያውን ከፈለግሽ ፈተናው የግድ ዱባይ ሄዶ የሚወሰድ አይደለም። ዋና መቀመጫው ለንደን የሆነው የዋስትና ሰነዶችና ኢንቨስትመንት ቻርተርድ ኢንስቲትዩት፣ በሥራው ዓለም ሲአይኤስአይ የሚባለው፣ ዓለም አቀፍ የሀብትና የኢንቨስትመንት አስተዳደር ሰርተፊኬት አለው፤ ባንክ ቤት የሠራች ሰው በየማታው እያጠናች በአራት በአምስት ወር ልትደርስበት ትችላለች። ሰርተፊኬቱን ይዘሽ ለዱባይና ለአቡ ዳቢ ባንኮች በደመወዝ ለሚቀጠር የደንበኛ ግንኙነት ኃላፊነት ብታመለክቺ፣ ወይም ስምንት ዓመት የለመድሽውን የደንበኛ ማንነትና የገንዘብ ምንጭ ማጣራት ሥራ ብትይዢ፣ ገቢው ከ100 ሺህ ዶላሩ ወሬ ያንሳል፤ የወሩ መጨረሻ ግን አያስፈራም። ነገ ወደ ለንደን መሻገር ብትፈልጊም የሚጠቅምሽ ይኸው ነው፤ እንግሊዝ በኢንቨስትመንት ምክር ላይ ኮሚሽንን እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ከልክላለች፣ እዚያ የኮሚሽን ሽያጭ ልምድ ብዙም አይቆጠርልሽም።

አዲስ አበባንም ቶሎ አትሰርዢያት። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ 1248 ተቋቁሞ ለኢንቨስትመንት አማካሪዎችና ለሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች ፈቃድ ይሰጣል። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ተከፍቷል። የባንክ ሰው ሆኖ ደንበኛ ማናገር የሚወድና ፈተና ያለፈ ሰው በዚህ ሜዳ ገና ብዙ የለም። መነሻ ደመወዙ ያስደስትሻል አልልሽም። ግን የመቶ ሰው ስም ይዘሽ ብትሄጂ ስሙ የሚጠቅመው አንቺንና እነሱን ነው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ይህን ውል እንዳለ አልፈርመውም። የቪዛው ወጪ ተሰርዞ፣ እውነተኛ መሠረታዊ ደመወዝ ገብቶ፣ ብድሩ ስጦታ ሆኖ፣ ፈቃዱም ከመዝገብ ላይ ተረጋግጦ፣ አንቺም የስድስት ወሩን ሽፋን ይዘሽ ከሆነ ግን «ሂጂ» እላለሁ፤ በዚያ ሁኔታ ሥራው ባይሳካ የምትመለሽው ልምድ ይዘሽ ነው። ከሄድሽ ዲግሪሽንና የሥራ ልምድሽን ከመነሳትሽ በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምሬቶች ኤምባሲ አረጋግጪ፤ ከዚያ ሆኖ በውክልና ማሠራት ወራት ይወስዳል።

ለአስቀጣሪው ዛሬ ማታ የሚላክ ነገር ይኸውልሽ፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ላኪው። «ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ። ከመፈረሜ በፊት የፈቃድ ቁጥራችሁን፣ ቪዛውን የሚያወጣውን ድርጅት ስም፣ የተመዘገበውን የሥራ ውል ረቂቅና የኮሚሽን አመላለስ ደንቡን በጽሑፍ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። የቪዛ ወጪ በሕጉ መሠረት በአሠሪው እንዲሸፈን እፈልጋለሁ። የግል ስም ዝርዝር ይዤ አልመጣም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተያት። በሷ ላይ የሚሰጡሽ መልስ ከሌላው ሁሉ በላይ ይነግርሻል።

ለእናትሽ ደግሞ «ልሂድ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ መልሱን አንቺ ላይ ላለመጫን ብለው ነው ዝም ያሉት። «ለስድስት ወር ምንም ባልልክ እንዴት ትሆናላችሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ወንድምሽም ባለበት። የአክስትሽን ልጅ ደውለሽላት ይሆን? ስለ ዱባይ ኑሮ ካንቺም ከእኔም የተሻለ ታውቃለች፤ ምንም ሳትሸጪላት አናግሪያት። የድርጅቱ መልስ ሲመጣ ስምሽንና ስማቸውን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ አንቀጽ በአንቀጽ እናየዋለን።